ዩካታን (ሜክሲኮ) ከእናቴና ከልጆቼ ጋር፦ ቪዛ፣ ማደሪያ፣ የጾም ምግብ... የሄዳችሁ ምከሩኝ

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። በፈረንጆቹ ገና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው አንድ ሳምንት ገደማ ሜክሲኮ ልንሄድ አስበናል። ካንኩን ቢች ላይ ተጋድመን ለመምጣት አይደለም፣ የማያዎቹን (የሀገሬውን ነባር ህዝብ) ፒራሚድና የድሮዎቹን የስፔን ከተሞች አይተን ልጆቹን ደግሞ ያ ከመሬት ስር ያለው ውሃ ውስጥ (ሴኖቴ ነው መሰለኝ የሚሉት) ልናስዋኛቸው ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 እና የ7 አመት ልጆች እና እናቴ ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል ደረጃ አይሆንላትም፣ በዛ ላይ የነቢያት ጾም ነው፣ መንገደኛ ነሽ ምናምን ብላት አትሰማኝም። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ቪዛ ትጠየቃለች? የት ብናድር ይሻላል? መኪና እንከራይ ወይስ ቱር? ምንስ ትበላለች? በናታችሁ የምታውቁ መልሱልኝ

ኡበር በዲሲ፦
ቪዛ አያስፈልጋትም። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው የየትም ሀገር ፓስፖርት ቢይዝ ያለ ቪዛ ታስገባለች። ግን ካርዱ ኦሪጅናሉ ከእጇ ይኑር ፎቶው ስልክ ላይ አለ ማለት አይሰራም፣ ፓስፖርቱም ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። የኛ ሰው ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ ፓስፖርቱን ረስቶት ኤርፖርት ላይ ነው ትዝ የሚለው፣ ዛሬውኑ አውጥተሽ እዪው። ኢሚግሬሽን ላይ የት ነው የምታርፉት ሊሉ ስለሚችሉ የሆቴሉን ሪዘርቬሽን በወረቀት ያዢ። እዛ ስትደርሱ ደግሞ ካርዱን ይዛ አትዙር፣ ከጠፋ ወደ አሜሪካ አውሮፕላን ለመሳፈር ከአሜሪካ ኤምባሲ ወይ ቆንስላ ወረቀት ማውጣት ግድ ነው፣ በገና ሳምንት ደግሞ ማን ቢሮ ያገኛል

ሳሚ መንገደኛ፦
እህቴ ካንኩን አትደሩ። ዋናው ምክሬ እሱ ነው ሌላው ቀላል ነው። ከኤርፖርቱ ቀጥታ ቫያዶሊድ የምትባል ከተማ ሂዱ፣ 160 ኪሎሜትር አካባቢ ነው 2 ሰዓት ይፈጃል፣ ትልቁ የማያ ፒራሚድ ያለበት ቺቼን ኢትዛ ከዛ 45 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት (በፈረንጅ 8) በሩ ሲከፈት እዛ ቆማችሁ ከሆነ ባዶ ሜዳ ላይ ፒራሚዱን ታያላችሁ፣ ከካንኩን የሚመጡት አውቶብሶች 5 ሰዓት አካባቢ ሲደርሱ እናንተ ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ። እሁድን ተዉት፣ ለሜክሲኮ ዜጎችና ነዋሪዎች ነጻ ስለሆነ ይጨናነቃል። መግቢያው ሁለት ክፍያ ነው፣ አንዱ የክልሉ አንዱ የፌዴራሉ፣ ሁለቱ ሲደመር ለውጭ ሰው ከ600 ፔሶ ያልፋል፣ ካሽ ያዙ።

የእናትሽ ጉልበት እዛ አያሳስብሽ፣ ፒራሚዱ ላይ መውጣት ለማንም ከተከለከለ አመታት ሆኖታል። ቦታው ሜዳ ነው፣ ጃንጥላ ብቻ ያዢላት። ለልጆቹ ይሄን ንገሪያቸው፦ በአራቱም ጎን 91 91 ደረጃ አለው፣ ላይኛው መደብ ሲጨመር 365 ይሆናል፣ የአመቱ ቀን ማለት ነው። ማያዎቹ አመቱን 20 ቀን ባላቸው 18 ወሮች ከፍለው የተረፉትን 5 ቀናት ለብቻ ያስቀምጧቸዋል፣ ልክ እንደኛ ጳጉሜ! ልዩነቱ እኛ ጳጉሜን ጠበል እንጠመቅበታለን እነሱ ግን መጥፎ ቀን ነው ብለው ይፈሩት ነበር። ከደረጃው ፊት ቆመው ያጨብጭቡ ደግሞ፣ የወፍ ጩኸት የመሰለ ድምጽ ይመልሳል። በደረጃው ላይ እባብ የሚወርድ የሚመስለው ጥላ ግን በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ነው፣ በታህሳስ ይታያል የሚል ቱር ሻጭ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት

ቢኒ ኤም፦
ሳሚ ሁሉም ሰው በየሁለት ቀኑ ሻንጣ እየጠቀለለ መዞር አይወድም እኮ፣ ከእናትና ከልጅ ጋር ካንኩን ሆቴል ይዞ በቱር መሄድም ይቻላል፣ ኤሲ ያለው አውቶብስ ከበር ወስዶ ከበር ይመልስሻል

ሳሚ መንገደኛ፦
@ቢኒ ኤም ይቻላል ማን አይቻልም አለ፣ ግን የ7 አመት ልጅና ጉልበቷን የሚያማትን እናት ደርሶ መልስ ከ5 ሰዓት በላይ አውቶብስ ላይ አስቀምጠህ በመሀል ሱቅ ለሱቅ እያዞሩ በቀትር ጸሐይ ፒራሚዱ ስር ስትጥላቸው አስበው። ሁለት ቦታ ብቻ ይደሩ፣ ቫያዶሊድ እና ሜሪዳ፣ አለቀ

ሄለን ከሂውስተን፦
ስለ ምግቡ እኔ ልመልስ። ዩካታን የታወቀው ኮቺኒታ ፒቢል በሚሉት ነው፣ የአሳማ ስጋ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ የሚያበስሉት፣ በየሄዳችሁበት እሱ አለ። እሱስ ስሙን ስታዪ ትተዪዋለሽ፣ ችግሩ የማይታየው ነው፦ ባቄላቸው (ፍሪሆል) ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሰራው፣ ጥብሱም እንደዛው። ስለዚህ "ሲን ማንቴካ" በይ፣ ያለ ስብ ማለት ነው፣ ከዛ "ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሁዌቮ" ያለ ስጋ ያለ አይብ ያለ እንቁላል። ይሄን በወረቀት ጽፈሽ ለአስተናጋጁ አሳዪው ይገላግልሻል። ለእማማ የሚሆነው ሲኪል ፓክ ነው፣ የተቆላ የዱባ ፍሬ ከቲማቲም ጋር ተፈጭቶ በቶርቲላ የሚበላ የማያዎች ምግብ፣ ንጹህ ጾም ነው በጣም ይጣፍጣል። አቮካዶ፣ ሩዝ፣ ፓፓያ በሽ ነው። አሳ ትበላ አትበላ እሷና ንስሀ አባቷ ያውቃሉ እኔ አልገባም 😄 ብርቱካናማዋን ትንሿን ቃሪያ ግን ልጆቹ እንዳይነኳት፣ አባኔሮ ናት። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ።

ነጃት፦
ሄለን ትክክል ብላለች፣ እኛም ሙስሊሞች ዶሮ ነው ሲሉን በምን ዘይት ተጠበሰ ብለን ነው የምንጠይቀው

ዮናስ ቲ፦
ከቫያዶሊድ ወደ ሜሪዳ ስትሄዱ ኢዛማል ሳትገቡ እንዳታልፉ። ከተማዋ በሙሉ ቢጫ ናት። መሀል ላይ ያለው የፍራንሲስካን ገዳም በ1561 ያለቀ ነው፣ ማያዎቹ የሰሩትን ትልቅ መደብ አፍርሰው በዛው ድንጋይ በዛው ላይ ነው የገነቡት፣ ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1993 መጥተውበታል። መወጣጫው ስሎፕ ስለሆነ እናትሽ ቀስ ብላ ትወጣለች። እንግዲህ ይሄን ገዳም ያሰራው ዲዬጎ ደ ላንዳ የሚባል መነኩሴ ነው በ1562 ማኒ በምትባል ከተማ የማያዎቹን መጻሕፍት ሰብስቦ ያቃጠለው። ዛሬ በአለም ላይ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። የሚገርመው ግን ስለ ማያ ኑሮና ፊደል ብዙ የምናውቀው ራሱ ላንዳ ጽፎት ካለፈው ነው። ብራና ያሳደገን ሰዎች ስለሆንን መሰለኝ እኔን እዛ ግቢ ስቆም ህንጻው ማማሩ ራሱ ነው ያናደደኝ።

ሜሪዳም እንደዛው ናት፣ በ1542 ስፔኖች ትሆ የሚባል የማያ ከተማ ላይ ቆረቆሯት፣ ካቴድራሉ ግድግዳ ላይ ያለው ድንጋይ የፒራሚድ ድንጋይ ነው። መንገዶቿ ስም የላቸውም ቁጥር ነው፣ ጎዶሎው ከምስራቅ ምዕራብ፣ ሙሉው ከሰሜን ደቡብ፣ ልጅ እንኳ አይጠፋበትም። ከሜሪዳ ኡሽማል (ሌላው የማያዎች የድሮ ከተማ) አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው፣ ለኔ ከቺቼን ይበልጣል፣ ሰው የለም ሻጭ የለም ቅርጹ ያፈዝዛል። ግን ደረጃና ወጣ ገባ አለው፣ እናትሽ ሆቴል ትረፍ

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ወይኔ ተባረኩ! ሴኖቴው ለልጆቹ አደጋ የለውም? መኪናስ?

ሄለን ከሂውስተን፦
ላይፍ ጃኬት ይሰጣሉ፣ አንዳንዱ ጋ ግዴታ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ያስወስዷችኋል፣ ሰንስክሪን ተቀብቶ መግባት አይፈቀድም ስለዚህ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ግዢላቸው። ቫያዶሊድ መሀል ከተማ ላይ ሳሲ የሚባል አለ፣ ከላይ ምግብ ቤት ስላለው እማማ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። ዋሻ የሆኑት ሳሙላና ሽኬኬን ከከተማው ወጣ ብለው ናቸው ግን ደረጃቸው ያንሸራትታል። ለ11 አመቱ ደግሞ፣ የዛሬ 66 ሚሊዮን አመት ዳይኖሰሮቹን የጨረሰው አስትሮይድ የወደቀው እዚሁ ዩካታን ነው፣ ከሜሪዳ ዙሪያ ያሉት ሴኖቴዎች የጉድጓዱን ጠርዝ ተከትለው ነው የተደረደሩት

ኡበር በዲሲ፦
መኪና ተከራዩ፣ ለ5 ሰው ከቱር ይረክሳል። ኦንላይን ላይ በቀን ጥቂት ዶላር ሲልሽ አትመኚው፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በህግ ግዴታ ስለሆነ ካውንተሩ ላይ ይጨምርብሻል፣ የክሬዲት ካርድሽ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱን አይሸፍንም፣ ጠቅላላውን ዋጋ በጽሁፍ አስቀድመሽ ተቀበዪ። በየመንደሩ መግቢያ ቶፔ የሚሉት የመንገድ ጉብታ አለ፣ ምልክት የሌለውም ስላለ ቀስ። ማታ አትንዱ መብራት የለም። ነዳጅ ሲቀዳልሽ ቆጣሪው ከዜሮ መጀመሩን እዪ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ፍላሚንጎስ (ሮዝዎቹ ወፎች)? ትንሿ ስለሱ ነው የምትጨቀጭቀኝ

ዮናስ ቲ፦
ከሜሪዳ ሴሌስቱን፣ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ። በክረምታቸው ነው ብዙ የሚሆኑት ጊዜያችሁ ገጥሟል፣ በጀልባ ስለሆነ እናትሽም ትሄዳለች። ላስ ኮሎራዳስ ያለው ሮዝ ውሃ ግን መዋኘት ክልክል ነው ለፎቶ ብቻ ያን ያህል አትንዱ

ሳሚ መንገደኛ፦
አንድ የረሳነው፦ ካንኩንና ቫያዶሊድ ሰዓታቸው አይገጥምም። ካንኩን በፈረንጆቹ ክረምት ከዲሲ ጋር እኩል ነው፣ ዩካታን ክልል ግን 1 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስትሄዱ ታተርፋላችሁ፣ ለመልስ በረራ ወደ ካንኩን ስትነዱ ግን ያቺው ሰዓት ትበላለች። ስልካችሁ ድንበሩን ሲያልፍ ነው የሚቀይረው፣ እና የመልሱን ቀን በካንኩን ሰዓት አስሉ። ሆቴል ደግሞ አሁኑኑ ያዙ፣ የታህሳስ መጨረሻ ሳምንት ሜክሲኮዎቹም እረፍት ላይ ናቸው