ካራክተሬ ሥራ ፈቷል፣ ልግደለው ወይስ ሚና ይገኝለታል?

የጅሬኑ፦
ሰላም ጓዶች። ጅማ ያለን ጥቂት ልጆች ቴሌግራም ላይ ተቀባብለን ምናባዊ ታሪክ እንጽፋለን፣ ሮልፕሌይ በሉት። ዓለሙን የቀዳነው ከድሮዎቹ አምስት የጊቤ ግዛቶች ነው። ሊሙ እናርያን፣ ጅማን፣ ጎማን፣ ጉማንና ጌራን ስማቸውን ቀይረን አስማት ጨመርንባቸው። የኔ ሰውዬ ጎራዴ ታጣቂ ነው። ገጽ ሙሉ የኋላ ታሪክ ጽፌለታለሁ፣ አባቱን ቡዳ በልቶበት ምናምን። ግን ማንም አይፈልገውም! ሌሎቹ ሲማከሩ እሱ በር ላይ ቆሞ «በዝምታ ተመለከታቸው»። ሁሌ ይቺኑ ነው የምጽፈው። አድሚኑን ጦርነት አስነሳልን ስለው «ይደርሳል» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አጂፕ፦
አትግደለው ባክህ። ጎራዴ የሚፈለገው ጠብ ሲኖር ነው፣ በቀረው ጊዜ ሰውየው በር ላይ መቆሙ አይቀርም። ሌሎቹ በየቀኑ የሚፈልጉትን ሥራ ስጠው። ከጊቤ ከቀዳችሁ ደግሞ ነገሩ እጃችሁ ላይ ነው፤ ኬላ! ያኔ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚገባው በኬላ በር ነበር፣ ነጋዴውም እዚያ ቀረጥ ይከፍላል። ሰውዬህን የኬላ ሹም አርገው። ጠንቋይዋ መድኃኒት ልታሻግር ብትል በሱ በኩል ነው፣ የሸሸው ልዑልም በሱ በኩል። ማን ያልፋል ማን ይመለሳል የሚለውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ወደዱም ጠሉም ያዋሩታል።

ፈረንጅ አራዳ፦
ኬላው አሪፍ ነው፣ ግን ብቻውን ከሆነ ትንሽ ቆይቶ ቀረጥ ቆጣሪ ሆኖ ይቀራል። ሥራውና ፍላጎቱ ይጣሉበት እንጂ። አባቱን የበላው ሰው ከነጋዴዎች ቅፍለት ጋር ተደባልቆ ኬላው ጋ ይድረስ። ከያዘው የነጋዴዎቹ አለቃ፣ ነጋድራሱ፣ ይቆጣል፣ የሐሙስ ገበያ ይስተጓጎላል። ካሳለፈው የአባቱ ደም ፈሶ ቀረ። ብቻ ይሄን ለብቻህ አትወስን፣ ነጋድራሱን የሚጽፈውን ሰው ቀድመህ በውስጥ አናግረው፣ የሰው ካራክተር ላይ ሳይጠይቁ መወሰን ግሩፕ ያፈርሳል። ደግሞ ጦርነት ጦርነት አትበል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው ያቆዩት ተዋግተው አይደለም፣ በዘዴ ነው። እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እንደሳቸው የሚደራደር ሰው ከተዋጊ ይልቅ ብዙ ትዕይንት ይወጣዋል።

ቦሳ ኪቶ፦
ሌሎቹ ካሉት ላይ አንድ ልጨምር። «በዝምታ ተመለከታቸው» ለሚለው ፖስት፣ ሰው ምን ብሎ ይመልስለታል? ፖስትህን ሌላው ሊያነሳው በሚችል ነገር ጨርስ። «ሹሙ የመጨረሻዋን በቅሎ ልጓም ያዘና፣ የዚችን ጭነት አውርዱልኝ አለ» ብለህ አቁም። ጭነቱ ውስጥ ምን እንዳለ አንተ አትናገር! ያቺን በቅሎ የሚነዳው ልጅ ይናገር። የኛ ግሩፕ ውስጥ እንዲህ የምትጽፍ ልጅ አለች፣ ካራክተሯ ተራ ጠጅ ቀጂ ናት፣ ግን ያለሷ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም።

የጅሬኑ፦
እናንተ ጉድ ናችሁ። አድሚኑ በኬላው ተስማምቷል፣ ጎራዴውን ግን አላስረክብም 😂 ነጋድራሱን የምትጽፈውን ልጅ በውስጥ አወራኋት፣ ገና ነገሩን ሳልጨርስ «ቅፍለቴን ዝም ብለህ ካሳለፍክ ጉቦው ስንት አሞሌ ጨው ነው?» ብላ መደራደር ጀምራለች። ስንት ልበላት?