በኢንተርኔት ቲቪ ስታዩ ምስሉ ለሚደበዝዝባችሁ፦ መስመር፣ ራውተርና ቦክስ (ጥቆማ ከአዲስ አበባ)

እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሰኔ ላይ ዕቁብ ሲደርሳት ቲቪ ልትገዛበት ተነሣች። ያለው ቲቪ አልተበላሸም፤ ግን ከእራት በኋላ በዩቲዩብ የምትከታተለው ድራማ የሰው ፊት እስከማይለይ ድረስ እየደበዘዘ፣ አንዳንዴም ቆሞ እየተሽከረከረ አስቸግሯታል። «አርጅቷል» አለችኝ። ሱቁንም መርጣ ጨርሳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብቻ ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት። ያን ቅዳሜ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ለዘመድ ለጎረቤት ስሠራ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ፤ ብራችሁ ያለ ቦታው እንዳይወጣ።

መጀመሪያ ቁጥሩን አየሁ። ዩቲዩብ ቲቪው ላይ ቪዲዮ ከፍታችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ስታበሩ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ይመጣል። እዚያ ውስጥ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የምስሉ መጠን፣ የመስመሩ ፍጥነትና ቀድሞ የተጠራቀመው ቪዲዮ ስንት ሰከንድ እንደሆነ። እናቴ ቤት 640 በ360 ይላል (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ይደበዝዛል)፤ ፍጥነቱ 900 ኪሎቢት አካባቢ፣ ማለትም አንድ ሜጋቢት እንኳ ሳይሞላ ይዋልላል፤ የተጠራቀመው ከ3 ሰከንድ አያልፍም። የከፈለችው ግን ለ10 ሜጋቢት ነው። ስልኬን ይዤ ሞደሙ አጠገብ ቆሜ ስለካው 9 ነጥብ ምናምን መጣ። ስለዚህ መስመሩ ቤት ድረስ ደህና ይደርሳል፤ የሚጠፋው ቤት ውስጥ ነው።

ሞደሙ የት ነበር? መኝታ ቤት፣ የስልኩ መስመር የሚገባበት ጥግ፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ወለል ላይ። አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል ለብሷል። ቁም ሳጥኑ ባለ ትልቅ መስታወት ነው፤ የመስታወት ጀርባ ደግሞ ብረት የተቀባ ስለሆነ ዋይፋይን ይመልሳል። ከእሱ ወዲያ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሳሎኑ። ዋይፋይ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት መንገዶች አሉት፤ ቲቪው የተያያዘው በ2.4 ሲሆን በዚያው ብሎክ ስልኬ የቆጠረው የጎረቤት ዋይፋይ ብቻ ሃያ ያህል ነበር። ሁሉም ያቺኑ ጠባብ መንገድ ይሻማሉ። ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ዳንቴሉን አነሣሁ፤ የሚሞቅ ዕቃ መተንፈስ አለበት። የስልኩን ሽቦ አስረዝሜ ሞደሙን ሳሎን ቡፌው አናት ላይ አወጣሁት። ቲቪውን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛወርኩት። ያው ድራማ 1920 በ1080 ሆነ፣ የተጠራቀመው ከ30 ሰከንድ አለፈ። እናቴ ወደ ቲቪው ጠጋ ብላ «ይቺ ልጅ ፊቷ ላይ ጠባሳ አላት እንዴ?» አለች። ስንት ወር ስታያት ጠባሳዋን አላየችም ነበር። የዕቁቡ ብር ለታናሽ እህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር፦ ምስል ስለደበዘዘ ብቻ ፓኬጅ አታሳድጉ፣ ቲቪም አትቀይሩ። ዩቲዩብ ለ1080 ምስል የሚጠይቀው 5 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ለ720 ደግሞ 2.5። ኔትፍሊክስም ለ1080 የሚመክረው 5፣ ከዚያም ለሚጠራው ለ4ኬ 15 ነው። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ቲቪና ሦስት ስልክ ካለ 10 ሜጋቢት በትክክል ቲቪው ዘንድ ከደረሰ ይበቃል። ልኬቱን ግን ሁለት ጊዜ አድርጉት፦ ረፋድ 4 ሰዓት ላይና ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፤ ሁለቱንም ሞደሙ ሥር ቆማችሁ። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ሞደሙ ሥርም ከወደቀ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው፤ ያኔ አገልግሎት ሰጪውን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ በእጃችሁም ቁጥር አለ።

ወደ አገልግሎቶቹ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ እሱን ነው።

ፋይበር (ኢንተርኔትን በመስታወት ክር የሚያመጣው መስመር) ሰፈራችሁ ከገባ ሌላ አትመልከቱ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ እንደ ዌብስፕሪክስ ያሉት የግል አቅራቢዎች በገቡባቸው ሕንፃዎች ለቲቪ የሚስተካከለው የለም፤ ዝናብ ሲዘንብ አይወላገድም፣ የማታውንም ጫና ይቋቋማል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ከግድግዳው ወደ ሞደሙ የምትመጣዋን ቀጭን ሽቦ አትጠፏት፣ ሶፋ አይጫናት። ውስጧ መስታወት ነው፤ ስትጠመዘዝ ብርሃኑ ይፈስሳል። ሞደሙ ላይ «ሎስ» የምትለው መብራት ቀይ ከሆነች መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ሞደሙን ደጋግሞ ማጥፋት ማብራት አይፈታውም፤ ወደ አገልግሎት ሰጪያችሁ (ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ወደ 994) መደወል ነው። ባለሙያው ሲመጣ የብርሃኑን መጠን በመለኪያው እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከ−27 ዲቢኤም ወርዶ −28፣ −29 ካለ ሠርቶ ሳይጨርስ አትሸኙት።

በመዳብ የስልክ መስመር የምትጠቀሙ አሁንም ብዙ ናችሁ። ለእናንተ ቀላሉ ምርመራ የቤት ስልኩን አንስቶ መስማት ነው። ሽሽሽ ወይም ጨርጨር የሚል ድምፅ ካለው መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ዝጓል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስልክና ኢንተርኔት የምትለየዋ ትንሽ ሳጥንም ታረጃለች፤ ርካሽ ናት፣ መጀመሪያ እሷን ቀይሩ። አንድ ዘመዴ ሁለት ወር ሙሉ ሲያማርር ቆይቶ ችግሩ እሷ ሆና ተገኘች።

በሲም የሚሠራ የቤት ራውተር የምትፈልጉ፦ ኢትዮ ቴሌኮምም አለው፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮምም አለው። የትኛው ይሻላል ለሚለው ከተማውን ሁሉ የሚመልስ መልስ የለም፤ የሚወስነው ማማው ከመስኮታችሁ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ስለዚህ ራውተር ሳትገዙ የሁለቱንም ሲም በስልካችሁ አስገብታችሁ ቲቪው ያለበት ክፍል ውስጥ ማታ ለኩ። ከዚያ ወስኑ። ራውተሩ ሲገባ መስኮት ላይ ይቀመጥ፤ ሲግናሉን በቁጥር የሚያሳይ ገጽ አለው፤ −85 አካባቢ ጥሩ ነው፣ −110 ሲደርስ ደካማ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መስመር «ያልተገደበ» የሚለውን ፓኬጅ ውል አንብቡ፤ ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስ ከሆነ በወሩ መጨረሻ ምስሉ የሚደበዝዘው በዚያ ነው። በጊጋ የምትገዙ ደግሞ አስቡት፦ ኔትፍሊክስ በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋ ይበላል።

በየቀኑ ዜና፣ የሀገር ውስጥ ቻናልና የበዓል ፕሮግራም ብቻ የምታዩ ከሆነ ግን ኢንተርኔቱን ለምን ታደክሙታላችሁ? ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በነፃ አለ። ዲሹ አሁንም ወደ ናይልሳት የዞረ ሰው ቤት ስገባ አዝናለሁ፤ አንድ ባለሙያ ጠርቶ ማዞር ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ የማታ ጫና አይነካውም። እናቴ ቅዳሴ የምታየው አሁን በዲሽ ነው፤ ኢንተርኔቱ ለድራማዋ ይቀራል።

ቦክስ (ቲቪ ላይ ሰክተን ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ የምናይበት ትንሽ ሳጥን)። ይሄ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። «4ኬ፣ 8 ጊጋ ራም» ተብለው በርካሽ የሚሸጡት ኤምኤክስኪው፣ ኤክስ96፣ ቲ95 ዓይነት ሳጥኖች ካርቶናቸው ላይ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ውስጣቸው የለም። ብዙዎቹ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አይይዙም። ከኔትፍሊክስ ፈቃድ ስለሌላቸውም ሺህ ሜጋቢት ብታስገቡላቸው ኔትፍሊክስን ከ480 በላይ አያሳዩም። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቲ95 በሚል ስም ከሚሸጡት አንዱ ከፋብሪካው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ተጭኖበት መምጣቱን የደኅንነት ባለሙያ አጋልጧል። የባንክ አፓችሁ የሚሠራበት ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዕቃ አታስገቡ።

እኔ የማምነው የሻኦሚን ሚ ቦክስ ኤስ ነው፤ ሁለቱንም ዋይፋይ ይይዛል፣ የኔትፍሊክስ ፈቃድ አለው፣ የድምፅ ሪሞቱ እናቴ እንኳ የለመደችው ነው። ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ የአማዞኑ ፋየር ስቲክም ጥሩ ነው፤ ግን ከራሱ ቻርጀር ጋር ይምጣ። ቲቪው ጀርባ ዩኤስቢ ላይ ሰክታችሁ ብታሠሩት ኃይል ያንሰዋል፣ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ሲገዙ ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ ኔትፍሊክስ ከፕሌይ ስቶር ራሱ ሲወርድ እዩ። ሻጩ ከፍላሽ የሚጭን ከሆነ ዕቃው ፈቃድ የለውም ማለት ነው፤ ተዉት።

ቲቪያችሁ 32 ኢንች ከሆነ ደግሞ አብዛኛው 1366 በ768 ነው፤ ለሱ ተብሎ 4ኬ ቦክስ ወይም 4ኬ ፓኬጅ መግዛት ብሩን መጣል ነው።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከማንም አይደለም፤ ቪዲዮው ራሱ ነው። ከዓመታት በፊት የተቀረጹ ድራማዎችና የሙዚቃ ክሊፖች ብዙዎቹ ዩቲዩብ ላይ ሲጫኑ በ360 ወይም በ480 ነው የተጫኑት፤ በምንም አይጠሩም። ለመለየት በቅርብ የተጫነ የታወቀ ቻናል ቪዲዮ ክፈቱና አወዳድሩ። እሱ ጥርት ካለ ቤታችሁ ደህና ነው።

የምስሉን ሴቲንግም ንኩት። ቲቪው ከሱቅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ «ቪቪድ» ላይ ነው የሚመጣው፤ ሻርፕነሱም ከፍ ተደርጎ። ደካማ ቪዲዮ ላይ ይሄ እያንዳንዱን ካሬ አጉልቶ ያሳያል። «ስታንዳርድ» ወይም «ሙቪ» አድርጉት፣ ሻርፕነሱን ዝቅ አድርጉት። ምንም ብር ሳይወጣ በሁለት ደቂቃ የሚመጣ ለውጥ ነው።

ከዚህ በታች በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ መልስ እጨምራለሁ።

እህቴ ሰሚት የምትኖሪው፦ ሞደሙን ማንቀሳቀስ ካልቻልሽ ከሞደሙ እስከ ቲቪው ኬብል ዘርጊ። ካት 6 የሚባለው የኢንተርኔት ሽቦ በሜትር ይሸጣል። ሻጩን «ንጹሕ መዳብ ነው?» ብለሽ ጠይቂውና ጫፉን በምላጭ ፍቂው፤ ውስጡ ነጭ ካለ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሲታጠፍ ይሰበራል። የቲቪሽ የኬብል ቀዳዳ 100 ሜጋቢት ብቻ ቢይዝም ለ4ኬ ይተርፋል፣ አትስጊ። ዋይፋይ የሚያራዝሙትን ትንንሽ መሰኪያዎች ግን የማልመክርሽ ብዙዎቹ የመጣላቸውን ፍጥነት በግማሽ ስለሚቆርጡት ነው።

ፓስዎርዱን ለጎረቤት ልጆች ሰጥቼ አሁን መከልከል አልችልም ያልከው ወንድሜ፦ አትከልክል። እናቴም ላይኛው ፎቅ ላሉ ተማሪዎች ሰጥታለች፣ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ራውተሩ ውስጥ የእንግዳ ዋይፋይ ክፈትላቸውና 2 ሜጋቢት ገድብበት፤ ለጥናት ይበቃቸዋል፣ ቲቪህም አይጎዳም።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት እትዬ፦ የእርስዎ መስመር ፈጣን ነው፣ ችግሩ እሱ አይደለም። በወር እየከፈሉ የሚያዩበት ያ የቻናሎች ሳጥን ምስሉን የሚያመጣው የማን እንደሆነ ከማይታወቅ ሰርቨር (ቪዲዮውን ከሚልክ ኮምፒውተር) ነው። ጣቢያዎቹ በራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል የሚያስተላልፉትን ከፍተው ያወዳድሩት፤ ልዩነቱን ራሳቸው ዓይኖችዎ ይነግሩዎታል፣ ክፍያም የለውም።

መብራት ሲቆራረጥ ሞደሙ እየጠፋ ስለሚነሳባችሁ፦ ለራውተር ብቻ የምትሆን ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምታሠራ ትንሽ ባትሪ) አለች፣ ጥሩ ናት። ከመግዛታችሁ በፊት የሞደሙን ቻርጀር ገልብጣችሁ ቮልቱን አንብቡ፤ አንዳንዱ 12፣ አንዳንዱ 9 ነው። 12 የሚፈልገውን በ9 ብታሠሩት መብራቱ ይበራል፣ ዋይፋዩ ግን ይደክማል፣ እናንተም እንደገና ምስሉ ደበዘዘ ትላላችሁ። የሚኒ ዩፒኤሷ መምረጫ ትክክለኛው ቮልት ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ።