ልጄ ከአንጀቷ ናሙና ይወሰድላት ስለመባሉ

የደሴ ምራት፣ ስቶክሆልም፦
የተከበራችሁ የወሎ ልጆች፣ የአራት ዓመት ልጄ ሆዷ ይነፋል፣ ክብደትም አልጨምር ብላለች። የደም ምርመራዋ ሴሊያክ የተባለውን ሕመም (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበትን) ስላመለከተ፣ ሐኪሞቹ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀቷ ናሙና ሊወስዱ ቀጥረውናል። አማቴ ግን «ልጄን አታስቆርጡብኝ፣ አምጧትና ጠበል ትጠመቅ» እያሉ ይደውላሉ። የፈቃድ ወረቀቱን ልፈርም? እስከዚያስ ዳቦ ልከልክላት?

የሐይቁ፣ የሕክምና ባለሙያ፦
አብሽሪ እኅቴ፣ ሆዷ አይቀደድም። በማደንዘዣ ከተኛች በኋላ ቀጭን ቱቦ በአፏ ይገባና፣ በውስጡ በሚያልፍ መቆንጠጫ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆኑ ቁራጮች ይወሰዳሉ። ጉዳቱ በየቦታው እኩል ስለማይሆን አንድ ቁራጭ አይበቃም፤ ቢያንስ አምስት ይፈለጋል። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም) በማይክሮስኮፕ የሚያየው፣ ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሰል ቅጥያዎች ቆመው እንደሆነ ወይም ጠፍተው እንደሆነ ነው። እንደ ጃርዲያ ያለ ጥገኛ ተሕዋስም አብሮ ሊታይ ይችላል። የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ በደም ምርመራው የተለካው የሴሊያክ ፀረ እንግዳ አካል (tTG-IgA) ቁጥር ከመደበኛው ጣሪያ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሁለተኛ የደም ናሙናም ካረጋገጠው፣ ያለ ባዮፕሲ (ከአንጀት ናሙና ሳይወሰድ) መወሰን ይቻላል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የልጅሽን ቁጥር ጠይቂ። ዳቦውን ግን አሁን አትከልክያት፤ ስንዴና ገብስ ከቆመ አንጀቱ ማገገም ይጀምርና ውጤቱ ያሳስታል።

ከኮምቦልቻ፦
ሕመሙ ከተረጋገጠ ጤፍ ግሉተን የለውምና እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ በውጭ አገር የሚሸጥ እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል፤ ሻጩን ሳትጠይቂ አትግዢ። ከቤት የሚላክልን በሶም ገብስ ነው። የእናቴ በሶ ሲደርሰኝ አገሬ የገባሁ ያህል ይሰማኛል፤ ለልጅ መከልከሉ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

የወረኢሉ ልጅ፦
አያትን ማስከፋት ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙም ቢሆን ጥቂት ቢጠብቅ ምን ይጎዳል? ልጅቱን ወስዳችሁ ግሸን ማርያምን ብትሳለሙ አያቷም ደስ ይላቸው ነበር።

የሐይቁ፣ የሕክምና ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ይጎዳል። ሕመሙ ሳይታወቅ የቆየ ልጅ ደም ያንሰዋል፣ ቁመቱም ይቀራል። ጠበሉ ምርመራውን አይከለክልም፤ ምርመራው ግን በጠበል ምክንያት ሊዘገይ አይገባም።

የወረኢሉ ልጅ፦
ጠበልን ከመዘግየት ጋር ማያያዝዎ አሳዝኖኛል። እኔ ያልኩት አያት ይከበሩ ነው።

የደሴ ምራት፣ ስቶክሆልም፦
ቁጥሩን ነገ እጠይቃለሁ፣ ዳቦውንም አልከለክላትም። አማቴን በስልክ ማስረዳት ግን አልሆነልኝም፤ ደሴ ያላችሁ፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሊያነጋግራቸው የሚችል ታላቅ ሰው ታውቃላችሁ?