ማጠንከሪያ ቀለበት የሌለው ኦፒኔል ሰንጢ፦ ዕድሜው በምን ይታወቃል? ዝገቱስ ይጥራ?

ጥያቄ፦ ሰንጢ ለቃሚ

አሠራራቸው ቀላል የሆኑ የቆዩ ተጣጣፊ ሰንጢዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ከሁሉም አብልጦ የሳበኝ የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው። አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ችንካርና አንገቱ ላይ የታሠረ ብረት ብቻ ይዞ ከመቶ ዓመት በላይ መልኩን ሳይለውጥ መዝለቁ ያስደንቀኛል። በቅርቡ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛሁት ግን ስለቱን ከፍቶ የሚያጸናው ተሽከርካሪ ቀለበት የለውም። ነጋዴው ይህንኑ ምክንያት አድርጎ «እ.ኤ.አ. ከ1955 በፊት የተሠራ ነው» በማለት ዋጋውን ሰቀለብኝ። ስለቱ በአብዛኛው ግራጫና ሰማያዊ ቀለም ይዟል፤ ከእጀታው ሥር ግን ቀይ ዝገት ይታይበታል።

የነጋዴው አባባል ያስኬዳል? ስለቱን አጥርቼ ላብራው ወይስ እንዳለ ልተወው? ደግሞስ ለጀማሪ የሚሻለው የአንዱን ሠሪ መጠኖች በሙሉ ማሟላት ነው ወይስ ከየዓይነቱ አንድ አንድ መያዝ?

መልስ፦ የስለት ወዳጅ

ዓመቱ ልክ ነው፤ ከዓመቱ የተወሰደው መደምደሚያ ግን አያስኬድም። ዦዜፍ ኦፒኔል ይህን ሰንጢ በፈረንሳይ የሳቮዋ ተራሮች ውስጥ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሆን (ቀጥሎ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1897 ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 ያሉትን መጠኖች አወጣ። ተሽከርካሪውን ቀለበት የዦዜፍ ልጅ ማርሴል ኦፒኔል የፈለሰፈው በ1955 ነው። ነገር ግን ቀለበቱ የሚገጠመው ከቁጥር 6 ጀምሮ ባሉት ላይ ብቻ ነው፤ ከቁጥር 2 እስከ ቁጥር 5 ያሉት ትንንሾቹ ዛሬም ያለ እሱ ይሸጣሉ። ስለዚህ በትንሽ ኦፒኔል ላይ ቀለበት አለመኖሩ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግርዎትም።

ከሁሉ አስቀድመው ስለቱን በማስመሪያ ይለኩ። የቁጥር 5 ስለት 6 ሴንቲሜትር፣ የቁጥር 6 ስለት 7 ሴንቲሜትር፣ የቁጥር 8 ደግሞ 8.5 ሴንቲሜትር ነው። ለረጅም ጊዜ የተሳለ ስለት እየጠበበና እያጠረ ስለሚሄድ ልኬቱ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከዋለ ትልቁን ይያዙ። ሰንጢውን ሲያጥፉትም የስለቱ ጫፍ ከእጀታው ስንጥቅ መጨረሻ በጣም ርቆ የሚቀር ከሆነ ብዙ ብረት በመሳያ ድንጋይ ላይ እንደ ቀረ ይረዱ። ቁጥሩ 6 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ በቋሚው የአንገት ብረት ዙሪያ ክብ የመፋቅ ምልክት እንዳለ በማጉያ መነጽር ይመርምሩ፤ ተሽከርካሪው ቀለበት ተነቅሎ ሊወጣ የሚችል ነገር ነውና ሆን ብሎ የሚያወጣው አይጠፋም። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ ታትሞ ካገኙ ደግሞ ሰንጢው ከ1909 ወዲህ የተሠራ ነው፤ ኦፒኔል ምልክቱን የያዘው በዚያ ዓመት ነበር።

መልስ፦ አሮጌ ብረት

ስለ ዝገቱ ልጨምር። ግራጫውና ሰማያዊው ቀለም የካርቦን ብረት ፍራፍሬና ሌላ ኮምጣጣ ነገር በመቁረጥ ብዛት የሚያወጣው ስስ ሽፋን ነው፤ ስለቱን አይጎዳም፣ እንዲያውም ቀዩን ዝገት በመጠኑ ያዘገየዋል። ይህን ሽፋን የሚፍቅ ሰው ሰንጢው በአገልግሎት ዘመኑ ያፈራውን መልክ ያጠፋል፤ የሚያውቅ ገዢም ወዲያው ይለየዋል። ቀዩ ዝገት ግን ብረቱን እየበላ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሊተው አይገባውም።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። በቀዩ ቦታ ላይ ብቻ ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብ አድርገው ይተዉትና ይደር፤ በማግሥቱ ከስለቱ ብረት የሚለሰልስ የናስ ቁራጭ ይዘው በቀስታ ይፋቁት፤ የሚወጣውን ቡናማ ጭቃ በጨርቅ ጠርገው ዝገቱ እስኪያልቅ ይደጋግሙት። የብርጭቆ ወረቀትና የማለስለሻ ሞተር አያስጠጉ፤ የማኅተሙን ጠርዝ ያደበዝዙታል፣ ማኅተሙ ከደበዘዘ ደግሞ ዕድሜውን ለመገመት የሚረዳዎት ነገር አብሮ ይሄዳል። እጀታው ቢች ከሚባል ዛፍ እንጨት የተሠራ ስለሆነ ውኃ ውስጥ አይነከር። ምግብ የሚቆርጡበት ከሆነ በመጨረሻ የሚቀቡት ለምግብ የሚሆን የማዕድን ዘይት ይሁን፤ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ይበላሻል፣ ይጣበቃልም። በቆዳ ሰገባ ውስጥም አያስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋል።

መልስ፦ ሞላ የሌለው

ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ሰንጢን በመሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ማኖር ብቻውን ጥበቃ አይመስለኝም። የኦፒኔል እንጨት እርጥበት ሲገባው አብጦ ስለቱን ጨምድዶ ይይዛል። በዚህ ጊዜ በጥፍር ከመታገል ይልቅ ቀለበት ካለው ቀለበቱን ፈትቶ፣ የእጀታውን ጭራ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር መታ ማድረግ ነው፤ ስለቱ ጥፍር የሚያስገባ ያህል ብቅ ይላል። ፈረንሳዮች ይህን «የሳቮዋ ምት» ይሉታል። በየጊዜው እየተከፈተ የማይታይ ሰንጢ ግን እንጨቱ ስለቱን መያዙ የሚታወቀው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ከሠሪው ስም ይልቅ «ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው ምንድን ነው?» የሚለውን ተከትለው ቢሰበስቡ ብዙ ይማራሉ ባይ ነኝ። በጃፓን ሚኪ ከተማ የሚሠራው ሂጎኖካሚ ሞላም መቆለፊያም የለውም። እጀታው የታጠፈ ላሜራ ነው፤ ከስለቱ ጀርባ የምትወጣውን ትንሽ ጭራ የያዙበት እጅ አውራ ጣት ይጫናታል፣ ስለቱም በዚያው ይጸናል። በፈረንሳይ ቲዬር ከተማ በ1929 የወጣው ዱክ-ዱክም እጀታው የታጠፈ ላሜራ ነው፤ እሱ ግን ጀርባው ላይ ጠንካራ ሞላ ስላለው ሲከፈትም ሲዘጋም ቀጭ ይላል። እነዚህን ሁለቱን ከኦፒኔል አጠገብ አስቀምጠው በየተራ ሲከፍቷቸው የሚሰማዎት ልዩነት ብዙ ገጽ ከማንበብ ይበልጣል።

ምላሽ፦ ሰንጢ ለቃሚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለቱን ስለካው ልክ 6 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ሲታጠፍም ጫፉ ወደ ስንጥቁ መጨረሻ ይደርሳል። ዘውድ የደፋው እጅም በግልጽ ይታያል። የሳቮዋን ምት ሞክሬ ሠርቶልኛል። እንግዲህ ቁጥር 5 ከሆነ ስለ ዕድሜው በእርግጠኝነት የምለው ምን ቀረኝ?

መልስ፦ የስለት ወዳጅ

ከ1909 ወዲህ መሠራቱን ብቻ ነው። ሌላ ማስረጃ እስኪያገኙ ድረስ እንደ ማንኛውም ቁጥር 5 ይቁጠሩት፤ ለ«ከ1955 በፊት» ተብሎ የሚጠየቅ ተጨማሪ ዋጋም በዚህ መጠን ላይ መሠረት የለውም።

የመጠኖቹን ተርታ ለማሟላት ካሰቡ ግን አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቁጥር 1 እና ቁጥር 11 በ1930ዎቹ ከምርት ወጥተዋል፤ ስለዚህ ዛሬ አዲስ ሆነው የሚገዙት ዐሥሩ ናቸው፣ ሁለቱን የሚያገኙት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። ቁጥር 1 ከትንሽነቱ የተነሣ በቀላሉ ይለያል። ቁጥር 11 ግን ስለቱ 10 ሴንቲሜትር በሆነው ቁጥር 10 እና 12 ሴንቲሜትር በሆነው ቁጥር 12 መካከል ስለሚውል፣ በመሳል ብዛት ያጠረ ቁጥር 12 «11 ነው» ተብሎ ሊቀርብልዎ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስለቱን ትተው እጀታውን ይለኩ፤ እጀታ በመሳል አያጥርምና።