የኢመራት ቤተ ክርስቲያን መፍረስ ነበረበት?

አወያይ፦ በምዕራብ ጀርመን፣ ኤርከለንስ ከተማ አጠገብ፣ ኢመራት የምትባል የገበሬዎች መንደር ነበረች። ከ1888 እስከ 1891 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የታነጸው ባለ ሁለት ማማ የቅዱስ ላምበርት ቤተ ክርስቲያኗ በጃንዋሪ 2018 ለጋርስቫይለር የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ሲባል ፈረሰ። ተገቢ ነበር?

ደረጀ፦ ተገቢ ነበር። ነዋሪዎቹ ከ2006 ጀምሮ በምትኩ ወደ ተሠራላቸው አዲሱ ኢመራት ሄደዋል፤ የሙታኖቻቸው አፅም እንኳ ተዛውሯል። የመሰናበቻው ቅዳሴ በ2013 ተቀድሷል። በዚያው ዓመት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ማዕድኑን አጽድቋል። ምእመን ለሌለው ሕንፃ ሲባል አገር ኤሌክትሪክ ማጣት የለበትም።

ሂሩት፦ አቶ ደረጀ፣ የፍርዱን ግማሽ ብቻ ነው ያነሡት። ያው ፍርድ ቤት፣ ነዋሪዎች ቤታቸው ሊወሰድ ሲል ሳይሆን ገና ማዕድኑ ሲፈቀድ መሟገት መቻል አለባቸው ብሏል። ይህ ሲነገር የኢመራት ሰው አብዛኛው ወጥቶ ነበር! ምእመኑን ያስወጣው ማዕድኑ ራሱ ነው። መንደር አስለቅቆ ሲያበቁ ባዶነቱን የማፍረሻ ምክንያት ማድረግ ግፍ ነው።

ተስፋዬ፦ ለምን ወደ ሌላ ቦታ አልተወሰደም? በ2007 በምሥራቅ ጀርመን የሆየርስዶርፍ መንደር ለከሰል ስትጠፋ፣ ጥንታዊቷ የኤማሁስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች በተሽከርካሪ ተጭና 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ቦርና ከተማ ቆማለች።

ደረጀ፦ እርሷ ትንሽ ናት። የኢመራቱን ግን ሰዉ «ካቴድራል» ይለው ነበር፤ ያን የሚያህል ሕንፃ በየትኛው መንገድ ያልፋል?

ሂሩት፦ መጫኑ አይቻልም እንበል። መጠበቅስ? በጎረቤቷ መንደር በካየንበርግ፣ መፍረሷ አይቀርም ተብሎ፣ የመጨረሻው ቅዳሴ በ2021 መገባደጃ ተቀደሰ። በኦክቶበር 2022 መንግሥትና የማዕድኑ ኩባንያ የከሰሉን ማብቂያ ከ2038 ወደ 2030 ሲያመጡት ካየንበርግና አራት መንደሮች ተረፉ። «የማይቀር» የተባለው ቀረ።

ደረጀ፦ በዚያው ስምምነት እኮ ሌላዋ የአካባቢው መንደር ሉትሴራት በጃንዋሪ 2023 በፖሊስ ተለቅቃለች። ኢመራትም ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበረች፤ አትተርፍም ነበር።

ሂሩት፦ ኢመራትን ይተዉልኝ። ካየንበርግ የቀሩት ሰዎች «ቤተ ክርስቲያናችን ቆሟል፣ ቅዳሴውን መልሱልን» ቢሉ ሀገረ ስብከቱ ምን ብሎ እምቢ ይላቸዋል? ይህን ይመልሱልኝ።