ልጄ ላክሮስ ትጫወታለች፤ አሰልጣኟ «አንድ ቦታ ትያዝ፣ ረፍዷል» አለኝ

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ ላክሮስ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ። ለማያውቀው፣ የገና ዱላ ጫፉ ላይ መረብ የታሰረበት አድርጋችሁ ቁጠሩት። የትም ብታስገቧት ትጫወታለች። ተከላካይ ሲጎድል ተከላካይ፣ አጥቂ ሲጎድል አጥቂ። አንዴ በረኛዋ ታማ እሷ በር ላይ ቆማ ክንዷ በልዞ ሳምንት ሰነበተ፣ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ የክለቡ አሰልጣኝ ፓርኪንግ ላይ ጠራኝና «አሁኑኑ አንድ ቦታ ትምረጥ፣ ኮሌጆች ሁሉንም የምትነካካ ልጅ አይፈልጉም፣ በሰመር ሦስት ውድድር ካልሄደች አለቀ» አለኝ። ከነሆቴሉ 4,000 ዶላር ይጠጋል። ባሌ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ሌሊት ሌሊት ነርሲንግ ሆም ነኝ። በዚያ ላይ ወንድሜ ለኮንዶሚኒየሙ ብር ላኪ እያለ ከአዲስ አበባ በየቀኑ ይደውላል። እስከ ማክሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ። እውነት በ8ኛ ክፍል ይረፍዳል?

የፌርፋክስ አባት፦
እህቴ፣ ተረጋጊ። አልረፈደም። ሁለት ሴት ልጆች በዚህ አሳልፌያለሁ፣ ሕጉን በደንብ አውቀዋለሁ። ድሮ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆች ለእንትን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እጫወታለሁ ብለው ቃል ይገቡ ነበር። አሰልጣኞቹ ራሳቸው መረራቸውና ይቁም አሉ። በፈረንጆቹ 2017 ኤንሲኤኤ፣ የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ሕጉን ቀየረው። አሁን የዲቪዥን 1፣ ማለትም የከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ፣ አሰልጣኝ፣ ልጅቷ 11ኛ ክፍል የምትገባበት ዓመት ሴፕቴምበር 1 ሳይደርስ ስለ ምልመላ ሊያናግራት አይችልም። ብትጽፍለት እንኳ የካምፕ ማስታወቂያ ካልሆነ መልስ የላትም። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ የቃል ስምምነትም ማንንም አያስርም፣ እሷንም እነሱንም።

ስኮላርሺፑን ደግሞ እንደ ሎተሪ አትይው። ዝቅተኛው ደረጃ ዲቪዥን 3 በስፖርት ገንዘብ አይሰጥም፣ እነ ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊጎቹም እንደዚያው። በዲቪዥን 1 እስከ ቅርብ ጊዜ አንድ የሴቶች ቡድን የሚፈቀድለት 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፣ እሱንም ለሠላሳ ምናምን ልጅ ይቆራርሱት ነበር። ከ2025 ወዲህ ይህ ተቀይሯል፣ ግን ሁሉም ትምህርት ቤት ኪሱ እኩል አይደለም። ይልቅ ሃይስኩል ስትገባ የምትወስዳቸውን፣ ኤንሲኤኤ የሚጠይቃቸውን 16 ዋና ዋና ኮርሶች ተከታተዪ። እሱ ሲጎድል ነው ብዙ ወላጅ የሚያለቅሰው።

ሚሚ (ባልቲሞር)፦
እትዬ፣ እኔ ኮሌጅ ተጫውቻለሁ፣ መሃል ላይ። አሰልጣኙ ግማሹን ልክ ነው ግማሹን አይደለም። ሜዳ ላይ አንድ ቡድን 12 ነን፣ ለማጥቃት ወደ ተጋጣሚው ክልል መግባት የሚችሉት ግን 7 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወዲያም ወዲህም የምትሮጥ ልጅ ወርቅ ናት። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ የሚገባው ላክሮስ ደግሞ ስድስት ለስድስት ነው፣ ሁሉም ያጠቃል ሁሉም ይከላከላል። ከእያንዳንዱ ጎል በኋላ መሃል ላይ ኳሷን የምታነሳ ልጅ ካለችሽም ማንም አይተዋትም። በጊዜ መለየት ያለበት በረኛ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ልምምዱም ዕቃውም ሌላ ነው።

ዳላስ 77፦
4,000 ዶላር ለዱላ! ወንድም ከባንክ ዕዳ ጋር ተፋጦ እናንተ ሆቴል ትከራያላችሁ። እኔ ስመጣ እናቴ ለቲኬቴ ላሟን ነው የሸጠችው። አሁን እኛ ለቤተሰብ መላክ ሲመጣ እጃችን ያጥራል።

ሚሚ (ባልቲሞር)፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሴትዮዋ ስለ ልጇ ነው የጠየቀችው። ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ የሚበላው ወንድሟ ነው፣ እሷ እኮ አትኖርበትም።

ዳላስ 77፦
አንቺ ልጅ፣ ስለማታውቂው ቤተሰብ አትናገሪ። እዚህ ተወልዳችሁ ያገር ቤት ወጪ ምን እንደሆነ ምን ታውቃላችሁ? ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?

አስኒ (አሌክሳንድሪያ)፦
እረ ተዉ። እኔ ደግሞ ስለ ገና ዱላ ስታወሩ አንጀቴ ተላወሰ። አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ ዱላውን ከወይራ ቆርጦ፣ በእሳት አጉብጦ፣ በቅቤ ያሸው ነበር። አንድ ዓመት የወረዳው ሹም ራሱ ገብቶ ተጫወተና ቅልጥሙን ተመታ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ሳቁበት። ዘንድሮ በገና እሄዳለሁ ብዬ ነበር፣ የቲኬቱ ዋጋ አስቀረኝ።

የፌርፋክስ አባት፦
ዳላስ፣ ወንድሜ፣ ለቤተሰብ መላክ ጥሩ ነው፣ ግን እሷም እኮ ቤት ኪራይ አለባት። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ለቤት ልኬ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ዳላስ 77፦
ያ የእርስዎ ዘመድ ነው እንጂ ሁሉም ሌባ አይደለም!

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
የፌርፋክሱ ጋሽዬ፣ ሚሚ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወንድሜ ግማሹን ልኬለታለሁ፣ እባካችሁ በሱ አትጣሉ። አንድ ውድድር ብቻ፣ በመኪና ደርሰን የምንመለስበትን፣ እንሂድ ብለናል። አሰልጣኙ ምን እንደሚል ማክሰኞ ይታያል። አንድ ጥያቄ ግን፦ ያገለገለ የበረኛ ሄልሜትና የደረት መከላከያ ያለው አለ? ቁመቷ 5 ጫማ ከ3 ነው። ልጅቷ ሄዳ ሄዳ በር ላይ ነው የምቆመው ብላለች።