የአባቴ ዜኒት ፎቶውን በአንድ ጎን ያጠቁራል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሚሚ አራት ኪሎ

ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ዜኒት ኢ ካሜራ አለን። ፊቱ ላይ የኦሊምፒክ ቀለበቶች ተቀርጸውበታል። ለዓመታት ከቆዳ ቦርሳው ሳይወጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ኖሯል። አሁን እኔ ልጠቀምበት ብዬ አንድ ፊልም ጨረስኩ።

ታጥቦ ሲመጣ ፀሐይ ላይ ያነሳኋቸው ብዙዎቹ በአንድ ጎናቸው ከላይ እስከ ታች ጠቁረዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ብርሃን በዝቶባቸው ነጭ ሆነዋል። የብርሃን መለኪያው ቀስት ንቅንቅ አይልም። ባትሪ የሚገባበት ቦታ ብፈልግ አጣሁ።

ፒያሳ ካሜራ ይጠግኑ ነበር የተባሉ ሰዎችን ፍለጋ ሄጄ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ የት እንደገቡ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንድ ሞባይል ጠጋኝ "ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጊበት" አለኝ። ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ? አባቴ አሁን የለም፤ እንዳላበላሸው ፈራሁ።

መልስ፦ ዳጊ ብሎን

አባትሽን ነፍስ ይማር። ዘይቱ ይቅር፣ በፍጹም። የዜኒት ሹተር (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈውና የሚዘጋው ክፍል) ጎማ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ ሁለት መጋረጃ። ዘይት ከነካው ጨርቁ ይበላሻል። የተረፈው ደግሞ መስታወቱ ላይ ይሄዳል።

ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ይዘሽ እዪው። ፎቶው ላይ የጠቆረው ቦታ ኔጋቲቩ ላይ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው? ከሆነ ብርሃን እዚያ ጋ አልደረሰም፤ ችግሩ የሹተር ነው፣ ያጠበው ሰው ጥፋት የለበትም። ብርሃን በክዳኑ በኩል ሾልኮ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ነበር የሚሆነው፤ ኔጋቲቩ ይጠቁራል፣ ፎቶው ይነጣል።

በ500 ፍጥነት (1/500 ሰከንድ) ስታነሺ ሁለቱ መጋረጃዎች ተከታትለው ይሮጣሉ። ፊልሙን የሚያገኘው ብርሃን በመሀላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት የሚያልፈው ብቻ ነው። ካሜራው ለዓመታት ሲቀመጥ የውስጡ ቅባት ይደርቃል። የፊተኛው መጋረጃ ይንቀረፈፋል፣ የኋለኛው ይደርስበታል፣ ክፍተቱ መንገድ ላይ ይዘጋል። ዝቅ ባለ ፍጥነት ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ችግሩ አይታይም። በነገራችን ላይ ፍላሽ ከተጠቀምሽም እንዲህ ያለ ጥቁር ጎን ይመጣል፤ ዜኒት ኢ ላይ ፍላሽ የሚሠራው በ30 ነው።

ፊልም ሳይኖርበት ሞክሪው። ሌንሱን ጠምዝዘሽ አውጪ፣ የኋላ ክዳኑን ክፈቺ። ካሜራውን ወደ ደማቅ ሰማይ አዙሪና (ወደ ፀሐይዋ ራሷ ግን አይደለም) ከኋላ እያየሽ ቁልፉን ተጫኚ። ሙሉ አራት ማዕዘን ብልጭ ካለ ጤነኛ ነው። አንዱ ጎን ከጨለመ ችግሩን አገኘሽው። ከ500 ጀምረሽ 250፣ 125 እያልሽ እስከ 30 ውረጂ። በተለይ ጠዋት በብርዱ ሞክሪው፤ የደረቀ ቅባት ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

መልስ፦ ጋሽ ፎቶ ቤት

ልጄ፣ እነዚያ ቀለበቶች እ.ኤ.አ. የ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ ናቸው። ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣልን ጊዜ ማለት ነው። ደህና አድርገሽ ያዢው።

ነጭ ስለሆኑት ልንገርሽ። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ከሆነ ፊቱ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። አንደኛው ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል፤ የቀዳዳውን ቁጥር የምትመርጪው በእሱ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። ሁለተኛው ድምፅ የለውም፤ የሌንሱን ዓይን የሚከፍትና የሚዘጋው እሱ ነው። 16 ላይ መርጠሽ ሁለተኛውን ካላዞርሽው ሌንሱ 2 ላይ እንደተከፈተ ይቀራል። ለፊልሙ የሚደርሰው ብርሃን ከሚያስፈልገው 64 እጥፍ ነው! ሌንሱን ከፊት እያየሽ ሁለተኛውን ቀለበት አዙሪው። ቅጠሎቹ ተሰብስበው ቀዳዳው ምስር ሲያክል ታያለሽ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከፍተሽ ምስሉን ታጠሪያለሽ፣ ዘግተሽ ታነሺያለሽ።

መለኪያው ባትሪ የለውም። ከሌንሱ በላይ ያለው ሽንሽን መስታወት ሥር ሴሊኒየም አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በዕድሜ ይደክማል፤ ከሞተ ደግሞ ጠግኖ የሚያነሳው የለም። ስልክሽ ላይ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጫኚና በእሱ ሥሪ። ሹተሩ መለኪያውን አይጠብቅም።

መልስ፦ ቸርችል ጎዳና

እኔ የምመክርሽ ጎበዝ ሰዓት ሠሪ ነው። ብሎኑን የሚፈታበት መሣሪያም፣ ለጥቃቅን ነገር የሚሆን እጅም ያለው እሱ ነው።

መልስ፦ ዳጊ ብሎን

እጁ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ካሜራ የሠራ መሆኑን አስቀድማ ትጠይቅ። የዜኒት የታችኛው ክዳን ሲፈታ የሁለቱ መጋረጃዎች ውጥረት ማስተካከያ ይገኛል። ብዙ ሰው እሱን ያጠብቅና "ተሠራ" ይላል። ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ይመለሳል። ዋናው ሥራ አሮጌውን ቅባት ማጽዳት ነው። ያን የማያውቅ ሰው ከሚነካው ባይነካ ይሻላል።

መልስ፦ ሳሮን ስድስት ኪሎ

የቆዳ ቦርሳውን ተዪው፤ እርጥበት ይይዛል። በክረምት ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ የሚያበቅለው እሱ ነው። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርተሽ እዪበት። ንጹሕ ከሆነ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስቢና ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ውስጥ አብረሽ አስቀምጪው።

ሚሚ አራት ኪሎ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። ሙከራውን ጠዋት በረንዳ ላይ አደረግኩት። 500 ላይ አንድ ሦስተኛው ጨለማ ነው። 250 አንዳንዴ ጫፉ ላይ ይጠቁራል። ከ125 ወደ ታች ሁሉም ሙሉ ነው! ቀለበቱም ልክ እንዳሉኝ ነው፤ ቅጠሎቹ ሲሰበሰቡ አየኋቸው።

አሁን ጥቁርና ነጭ ማንሳት አምሮኛል። ፊልሙን ቤት ማጠብ ይቻላል? አክስቴ ከውጭ ልትመጣ ስለሆነ ፊልም ላስመጣ ነው።

መልስ፦ ኬሚስቱ

ይቻላል፤ ያውም በቡና። ካፌኖል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ፣ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ያወጡት ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ አልባ የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም ፈጣን ቡና። በዚህ ቅደም ተከተል እያሟሟሽ ጨምሪ። ውሃው 20 ዲግሪ ይሁን፤ የአዲስ አበባ ውሃ ለዚህ ብዙ አያስቸግርም። 15 ደቂቃ፣ በየደቂቃው ቀስ እያልሽ ገልበጥ ገልበጥ አድርጊው።

የጀበና ቡናችን ለዚህ አይሆንም። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ካፌይክ አሲድ ነው፤ በርካሹ የሮቡስታ ፈጣን ቡና የተሻለ ውጤት የሚገኘውም ለዚህ ነው። የዳቦ ሶዳና የልብስ ሶዳ ደግሞ አንድ አይደሉም። የልብስ ሶዳ ካጣሽ የዳቦ ሶዳውን በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ብታቆዪው ወደዚያ ይለወጣል። ማጽኛውን (ምስሉ በብርሃን እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ኬሚካል) ግን ቡና አይተካውም። ሶዲየም ታዮሰልፌት ከኬሚካል ነጋዴ ያስፈልግሻል፣ ብርሃን የማያስገባ ማጠቢያ ታንክም እንዲሁ።

መልስ፦ ጋሽ ፎቶ ቤት

ፊልሙን ታንክ ውስጥ ስትከቺ ቀይ መብራት እንዳታበሪ። ቀዩ ለፎቶ ወረቀት ነው። ፊልም ድፍን ጨለማ ይፈልጋል።

መልስ፦ ሳሮን ስድስት ኪሎ

አክስትሽ ፊልሙን በእጅ ሻንጣ ይያዙት። ጭነት ውስጥ የሚገባ ሻንጣ በጠንካራ ጨረር ይፈተሻል። አዲሶቹ ባለ ሲቲ መፈተሻዎችም ያልታጠበ ፊልም ይጎዳሉ። ግልጽ በሆነ ላስቲክ ለብቻው አድርገው "በእጅ ይታይልኝ" ይበሉ።

መልስ፦ ዳጊ ብሎን

ባለ 100 ፊልም አስመጪ (ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃን የመቀበል ኃይሉ ነው)። ባለ 400 ለቀትር ፀሐይ 500ን ይፈልጋል፤ ያንቺ 500 ደግሞ የለም። በ100 ግን 125 ላይ አስረሽው መሄድ ትችያለሽ። ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ በቀትር ፀሐይ የሌንሱን ቁጥር 16 አድርጊ። ስስ ደመና ሲሆን 11፣ ሙሉ ደመና 8፣ ዝናብ ያዘለ ጥቁር ደመና 5.6። ከሕንፃ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ስታነሺ 4። ከዚያ ከጨለመ ወደ 60 ውረጂና ክርንሽን ደረትሽ ላይ አጥብቀሽ ያዢ። ጥገናው ሁነኛ ሰው እስኪገኝ ይቆይ፤ ካሜራው እስከዚያ ይሠራል።